«ፓቱላ» ተብለው የተተከሉ ሁለት ዓይነት ዛፎች

ጥያቄ፦ በጉና ተራራ ግርጌ የሚኖሩ አንድ አርሶ አደር፣ ሁሉም «ፓቱላ» (እንደ መርፌ የቀጠነ ቅጠል ያለው የፓይን ዛፍ ዝርያ) ተብለው ከገዟቸው ችግኞች ገሚሶቹ ረዣዥም ቅጠላቸውን ወደ ታች ሲያንጠለጥሉ፣ የቀሩት ግን አጠር ያለና የጠቆረ ቅጠላቸው እየቀላ መርገፍ እንደ ጀመረ ገልጸው፣ ዛፎቹ አንድ ዝርያ መሆናቸውንና ሙጫቸው ለገበያ ይሆን እንደሆነ ጠይቀዋል።

መልስ፦ እንደ ገለጹልን ከሆነ ሁለት ዝርያዎች ሳይቀላቀሉብዎ አልቀሩም። ቅጠሉ የሚንጠለጠለው ከሜክሲኮ ተራሮች የመጣው ፓቱላ ሲሆን፣ ሌላው የካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ተወላጅ የሆነው ራዲያታ የተባለ ፓይን ይመስላል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ቅጠላቸውን ሦስት ሦስት አድርገው ስለሚያወጡ ቆጥሮ መለየት አይቻልም። የፓቱላ ቅጠል ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ የራዲያታ ደግሞ ከ8 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ርዝመቱ በአፈርና በዕድሜ ስለሚለዋወጥ ግን ቅርፊቱንም ይመልከቱ፤ የላይኛው ግንድ ቀላ ብሎ በስሱ የሚላጥ ከሆነ ፓቱላ ነው። ለጋ ችግኞች በመጀመሪያ ነጠላ ቅጠል ብቻ ስለሚያወጡ፣ ሻጩም ቢሆን ሳይለያቸው ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ስለ ሙጫው፣ የፓቱላው ፌላንድሪን በተባለ ንጥረ ነገር የበለጸገ ሲሆን፣ የአኳራጅ (ከሙጫ የሚሠራ የቀለም ማቅጠኛ) አምራቾች በይበልጥ የሚፈልጉት ግን ፓይኒን የተባለውን ሌላ ንጥረ ነገር ነው፤ ስለዚህ ግንዱን ለሙጫ ብለው ባያቆስሉት እመርጣለሁ። ተመራማሪዎች ፓቱላን፣ በመልክ እጅግ ከሚቀርበው ቴኩኑማኒ ከተባለው የመካከለኛው አሜሪካ ፓይን ለመለየት ከተጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው የሙጫ ኬሚስትሪ ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ መቅላቱ ነው። ዶቲስትሮማ የተባለው ፈንገስ በቅጠሉ ላይ እንደ ቀለበት የዞረ ቀይ ምልክት ያወጣል፤ ቀለሙም ፈንገሱ ራሱ ከሚያመነጨው መርዝ የሚመጣ ነው። ወጣት ራዲያታ በዚህ በሽታ ክፉኛ ስለሚጠቃ ኬንያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተከላውን ለመተው ተገድዳለች፤ ፓቱላ ግን በተሻለ ይቋቋመዋል። ምልክቱ ከታችኛው ቅርንጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ ከሆነ፣ እርጥበት እንዳይታፈን የታችኞቹን ቅርንጫፎች በበጋ ይቁረጡ፣ ዛፎቹንም ያሳሱ። የመዳብ መድኃኒት መርጨት በሌላ አገር የተለመደ ቢሆንም ለአነስተኛ ማሳ ወጪው አያዋጣም። በጣም የተራቆቱትን ነቅለው በቦታቸው ፓቱላ ወይም የሀበሻ ጥድ ይተኩ፤ ከዚያ በፊት ግን ቀለበት ያለባቸውን ቅጠሎች በወረቀት ጠቅልለው ለወረዳዎ የደን ባለሙያ ያሳዩ።