ለአማቴ ለብቻቸው ድስት ልጣድ?

የአንባቢያን ጥያቄና የባለሙያዎች መልስ፦ ደም ግፊትና ቤተሰብ

ጥያቄ፦ አማቴ 62 ዓመታቸው ነው፤ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ደም ግፊት ተገኝቶባቸው አምሎዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት ከጀመሩ አራት ወር ሆኗቸዋል። ሐኪሙ «ጨው ይቀንሱ» ስላላቸው ጨው የሌለው ወጥ ለብቻቸው እሠራለሁ። አሁን ግን ሁለቴ ጎርሰው «በቃኝ» ይላሉ። ባለቤቴም «እናቴን በረሃብ ልትጨርሻት ነው» እያለ ይቆጣል። ቤታችን ስድስት ሰው ነን። (ምራት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ ድካምሽ ለእሳቸው ብለሽ እንደሆነ ገብቶናል፤ ሁለተኛውን ድስት ግን አውርጂው። ዕድሜ ልካቸውን ከልጆቻቸው ጋር አንድ ገበታ የቀረቡ እናት ለብቻ ሳህን ሲቀርብላቸው ጨው ብቻ ሳይሆን ማዕዱም ይጎድልባቸዋል። የምግብ ፍላጎታቸው የጠፋው በዚህም ጭምር ነው። ደም ግፊት ደግሞ በዘር ስለሚሄድ ባለቤትሽም የተጋለጠ ነው፤ እሱም ወንድሞቹና እህቶቹም ይለኩ። ስለዚህ የሚቀነሰው የሁላችሁም ጨው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ከአፉ የተስተካከለ አንድ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ለስድስት ሰው ቢበዛ 30 ግራም፣ በወር 900 ግራም ይሆናል። አዲስ የጨው ከረጢት ስትከፍቺ ቀኑን ላዩ ላይ ጻፊበት። አንድ ኪሎው ከወር ብዙም ካላለፈ ጨው በዝቷል። ከሱቅ የሚገዛው ዳቦ ውስጥ ያለው ጨው እዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባምና፣ ልጆችም ከአዋቂ ያነሰ ነው የሚያስፈልጋቸውና ከረጢቱ ከዚያ በላይ ቢቆይ ይሻላል።

በአንድ ጊዜ አታጥፊው፤ ያኔ ሁሉም ያምፃል። አሁን የምትጨምሪውን በማንኪያ ለኪና ሩቡን ቀንሺ፤ ሁለት ሳምንት ቆይተሽ እንደገና ሩቡን ቀንሺ። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምዳል፤ በኋላ ጎረቤት የሠራውን ሲቀምሱ «ጨው በዝቶበታል» ይላሉ። ጨውን ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪ። መጀመሪያ ላይ ተጨምሮ መረቁ ሲመጥ ስለሚበረታ ልክሽን ያጠፋብሻል።

ብዙ ቤት ነገሩ የሚበላሸው ግን በጨማሪ ብዛት ነው። አንዷ ትጥዳለች፤ ሌላዋ በማማሰያው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምስና «አልጫ ነው» ብላ ትነሰንሳለች፤ ባልየው ደግሞ ገበታ ላይ ጨው አምጡ ይላል። ጨው የሚጨምረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ በማንኪያም ይሁን። የጨው ዕቃውም ገበታ ላይ አይቅረብ።

የተደበቀውንም አትርሺ። በርበሬና ምጥን ሽሮ ሲዘጋጁ ጨው ይገባባቸዋል፤ ሚጥሚጣ፣ አዋዜና ቋንጣም እንዲሁ። ኩብ ማጣፈጫ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። ወደፊት በርበሬ ስታስፈጪ ጨው አይግባበት፤ ያኔ ድስቱ ውስጥ ስንት እንደገባ ታውቂያለሽ። ጣዕሙን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በበሶብላና በሎሚ አግኚው። በጨው ምትክ ተብሎ የሚሸጠው የፖታሲየም ጨው ኩላሊቱ ለታመመ ወይም ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ሳትጠይቁ አትግዙ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ የግፊት መለኪያ ልኬላታለሁ። በየቀኑ በቪዲዮ እየደወልኩ እያየኋት ትለካለች። የላይኛው ቁጥር አንድ ቀን 168፣ በማግስቱ 131 ይላል። ከፍ ሲል እኔም እህቶቼም ተራ በተራ እንደውላለን፤ እሷም «ደግሞ ዛሬ ስንት ይል ይሆን» እያለች መጨነቅ ጀምራለች። (ልጅ፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ በጥሪው መሀል መለካታችሁን አቁሙ። እያወሩ መለካት ብቻውን ቁጥሩን በ10 ነጥብ ያህል ሊያስወጣው ይችላል፤ ጭንቀቱ ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል።

እናትህ ከቡና በኋላ ግማሽ ሰዓት ትቆይ፤ ሽንቷን ትሽና። መደገፊያ በሌለው በርጩማ ላይ ሳይሆን ጀርባዋን በሚደግፍ ወንበር ላይ፣ እግሯን ሳታነባብር፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብላ ትቀመጥ። ክንዷ ጠረጴዛ ላይ በልቧ ትክክል ይረፍ። መጠቅለያው በሹራብ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፤ ለክንዷ ከጠበበ ያለ ግፊቷ ከፍ አድርጎ ያሳያል።

ከቀጠሮዋ በፊት ለሰባት ቀን፣ ጠዋት ሁለቴ፣ ማታ ሁለቴ፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ እያረፈች ትለካና ደብተር ላይ ትጻፍ። የመጀመሪያውን ቀን ትታችሁ የቀሩትን 24 ልኬቶች አማካይ አውጡ። 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪሟ ይየው። የአንድ ቀን ቁጥር ለብቻው አያስደንግጣችሁ።

180/120 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን አምስት ደቂቃ አርፋ ትድገም። ያው ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን ሰውነት መስነፍ፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የዓይን ብዥታ ካለ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ትወሰድ። ምልክት ባይኖርም በዚያው ቀን ሐኪም ታማክር፤ በገዛ እጇ ግን ተጨማሪ ክኒን አትዋጥ። ስትደውልላት ስለ ልጆችህ አውራት፤ ቁጥሩን አዲስ አበባ ካሉት ቤተሰቦቻችሁ አንዱ ይያዘው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ደህና ነኝ» ብሎ የግፊት መድኃኒቱን አቆመ። ሰዎች «አንዴ ከጀመርክ አትላቀቀውም» ብለውታል። ጸበል ይጠመቃል፤ በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምስም። (ሚስት፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ግፊት ሳያሳምም ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል፤ ደህንነት የተሰማውም ምናልባት መድኃኒቱ ስለሠራ ነው። በሰው ፊት አትከራከሪው። ለብቻችሁ ስትሆኑ ያስቆመው ምን እንደሆነ ጠይቂው። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል፣ አምሎዲፒን የቁርጭምጭሚት እብጠት ሊያመጡ ይችላሉ፤ ወንዶች አፍረው የማይናገሩት የአልጋ ችግርም ይኖራል። ለሁሉም ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊለውጥለት ይችላል። ብር ካጠረም ይንገረው፤ ርካሽ አማራጭ አለ።

ጸበሉ መድኃኒቱን አያስቆምም፤ ክኒኑን ይዞ ይሂድ። በቀን አንዴ የሚዋጥ ከሆነ ሰዓቱን ከጾም በኋላ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ሐኪሙን ጠይቁ። ሽንት የሚያበዛው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ግን ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሳዋል። የንስሐ አባታችሁን አስቀድመሽ አነጋግሪያቸው፤ ከእሳቸው አፍ ሲሰማው አይከብደውም። ከዚያ የተወውን የመድኃኒት ማሸጊያ ይዛችሁ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ፣ በዚህ ሳምንት አብራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።