«የፀሐይ አውሎ ነፋስ» ይባላል?

ጥያቄ፦ ዜና ላይ ‹የፀሐይ አውሎ ነፋስ ኔትወርክ ሊያጠፋ ነው› ሲባል ሰማሁ። እኛ አዳማ አውሎ ነፋስ የምንለው በበጋ አቧራ እያዞረ የሚያነሣውን ነው። አባባሉ ትክክል ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ልክ ነው። አውሎ የሚሽከረከር አየር ነው፤ ከፀሐይ የሚመጣው ደግሞ አየር አይደለም። «የፀሐይ ነፋስ» የሚለው ስምም ተይዟል፤ ከፀሐይ ሳያቋርጥ ለሚወጣው የቅንጣቶች ፍሰት የተሰጠ ነው። «አውሎ ነፋስ» ስንል የዘወትሩን ከድንገተኛው እንቀላቅላለን። «ማዕበል» ይሻላል፤ የሐዋሳ ሐይቅ ሲናወጥ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ቢሆንም ሁሉም ማዕበል አይደለም። የፀሐይ ብልጭታ ብርሃን ስለሆነ በ8 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ፀሐይ የምትተፋው ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች ያሉበት የጋለ ጋዝ) ግን ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይወስድበታል። ማዕበል የሚባለው ይህ ደርሶ በምድር መግነጢሳዊ መስክ ላይ የሚያስነሣው ነውጥ ነው። «ማዕበሉ በ8 ደቂቃ ደረሰ» ብሎ የጻፈ ሰው ሁለቱን አምታቷል።

ከስሙ ይልቅ እኔን የሚከነክነኝ ግሡ ነው፦ «ያጠፋል»። ምኑን? ከ3 እስከ 30 ሜጋኸርዝ ያለው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ሩቅ የሚሄደው ከላይኛው ከባቢ አየር እየነጠረ ነው። ብልጭታ ሲከሰት ቀን በሆነበት የምድር ገጽታ በኩል የታችኛው ንብርብር በኤሌክትሮኖች ይሞላና ሞገዱ ሳይነጥር እዚያው ይቀራል። ይህ «ተዋጠ» ነው። ጂፒኤስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መሥራቱን ይቀጥላል፤ የሳተላይቱ ሞገድ በመንገድ ስለሚዘገይ ግን ቦታውን በሜትሮች ያሳስታል። ቃሉ «ተዛባ» ነው፤ ለቀያሽ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የጠፋ መሣሪያ ሥራ ያስፈታዋል፤ የተዛባው የተሳሳተ ድንበር ያስቸክለዋል።

በመጋቢት 1981 ዓ.ም. በካናዳ ኪዩቤክ ማዕበሉ በረጃጅም የኤሌክትሪክ መስመሮች ላይ ጅረት ቢፈጥር መከላከያዎቹ ተራ በተራ ቆረጡ፤ 6 ሚሊዮን ያህል ሰው ለ9 ሰዓታት ገደማ በጨለማ ቆየ። እዚህ ላይ «ተቋረጠ» ይስማማል። የእጅ ስልክ የሚነጋገረው ከቅርብ ምሰሶ ጋር ስለሆነ ማዕበሉ በቀጥታ እምብዛም አይነካውም፤ ምሰሶው መብራት ካጣ ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ ዜናው «ኃይለኛ የፀሐይ ማዕበል ጂፒኤስንና የአጭር ሞገድ ሬዲዮን ሊያውክ ይችላል» ቢል ይበቃው ነበር። ሲጽፉትም በፀሐዩ «ፀ» ይሁን፤ በጸሎቱ «ጸ» መጻፍ በስሟ የሚጠራውን ፊደል መንሳት ነው።