መልሱ ከተገኘ መልፋት ለምን?

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ልጄ የሒሳብ የቤት ሥራውን ቻትጂፒቲን እየጠየቀ ወዲያው ይጨርሳል። ስቆጣው «መልሱ ከተገኘ መልፋት ለምን ያስፈልጋል?» ይለኛል። ስልኩን ልቀማው?
እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ አይቀሙት፣ እህቴ። ጥያቄው ግን እውነተኛ መልስ ይገባዋል። ቱርክ ውስጥ አንድ ሺህ ገደማ በሚሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ የሒሳብ ጥናት ተደርጎ ነበር። እንዲህ ያለውን መሣሪያ እንዳሻቸው የተጠቀሙት በልምምድ ጊዜ ውጤታቸው በ48 በመቶ ጨመረ። ያለ መሣሪያው ሲፈተኑ ግን ጨርሶ ካልተጠቀሙት በ17 በመቶ አነሱ። ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ የተዘጋጀውን በተጠቀሙት ላይ ይህ ጉዳት በአብዛኛው አልታየም።

እኔም የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። ኳድራቲክ እኩልታ (x² ያለበትን) ሳስተምር ተማሪው ነገሩ የሚገባው፣ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ተምታቶበት የሳተበትን መስመር ራሱ ሲፈልግ ነው። ያንን ፍለጋ ማንም ሊሠራለት አይገባም። ገጽ ሙሉ ቁጥር መገልበጥ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ለእሱ አልሟገትም! ልጅዎ መጀመሪያ በወረቀት ይሞክር፤ ሲያቅተው «መልሱን ሳትነግረኝ የተሳሳትኩበትን ብቻ አሳየኝ» ብሎ ይጠይቅ። ማታ ደብተሩን ዘግቶ አንዱን ጥያቄ ለእርስዎ ያስረዳ። ሒሳቡን ባያውቁትም «ለምን?» እያሉ ያፋጥጡት።