ወደ ሼፊልድ ለምትሄደው ወንድሜ፦ «ዲነር» 124 ፓውንዴን እንዴት እንደበላው

ሰላም ወንድሜ። ከአጻጻፍህ ታናሼ ስለመሰልከኝ አንተ ብልህ ቅር አይበልህ። በሁለት ወር ውስጥ ለአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ በሰሜን እንግሊዝ ወዳለችው ሼፊልድ እንደምትሄድ፣ በአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና 7 እንዳመጣህ ነግረኸን «የአካባቢውን የመንደር እንግሊዝኛ ከየት ላጥና?» ብለሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች ረጃጅም የቃላት ዝርዝር ልከውልሃል። ዝርዝሩን ተወው። እኔ እህትህ 7.5 ይዤ ነው የሄድኩት። አዲስ አበባ እያለሁ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የእንግሊዝኛ ማመልከቻ የሚያስጽፈው እኔን ነበር። ያ ሁሉ እንግሊዝኛ በጥር ብርድ ከተዘጋ ቢሮ ደጃፍ ገትሮኛል፤ ገንዘቤንም አስበልቶኛል።

የማታውቀው ቃል ምንም አያደርግህም። ትጠይቃለህ፣ ያስረዱሃል፣ አለቀ። የሚጎዳህ ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» የምትለው ቃል ነው፤ እሱን ማንም አይጠይቅም። እስቲ በቁጥር ላስቀምጥልህ።

1. ዲነር። ብሬክፈስት ቁርስ፣ ላንች ምሳ፣ ዲነር ራት ተብለን በዜማ ተምረናል። ሼፊልድ ስትደርስ ዜማው ይበላሻል። በሰሜን እንግሊዝ ብዙው ሰው ዲነር የሚለው የቀትሩን ምግብ ነው። አመሻሽ ላይ የሚበላው ራት ደግሞ ስሙ «ቲ» ነው፤ ሻይ በዓይንህ ባታይም ቲ ነው። የትምህርት ቤት ምሳ የሚያድሉት ሴቶች በመላው ብሪታንያ «ዲነር ሌዲ» እንደሚባሉ ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ እነቃ ነበር። አልነበረም።

በ2022 መጨረሻ እንደገባሁ ለሁለት ወር ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ተጋራሁ። ከዚያ በወር 540 ፓውንድ የሚከራይ ቤት አገኘሁ፤ ጠባብ ቢሆንም ከአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ነው፣ የራሴ ማድቤት አለው። አከራይ ድርጅቱ ቤቱን ለሌላ ሰው እንዳይሰጥብኝ የአንድ ሳምንት ኪራይ፣ 124 ፓውንድ ማስያዣ ተቀበለኝ። እንግሊዝ ውስጥ ከ2019 ጀምሮ ከአንድ ሳምንት ኪራይ የሚበልጥ ማስያዣ መቀበል በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከዚያ በላይ ከጠየቁህ እምቢ በል። ውሉ ተፈርሞ የሚያልቅበት ቀነ ገደብም በሌላ ካልተስማማችሁ 15 ቀን ነው። በመጨረሻዋ ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ሥራ ላይ እያለሁ ስልክ ተደወለ። የቢሮዋ ሴትዮ «ዛሬ ከዲነር በኋላ ብቅ በይና ፈርሚ» አለችኝ።

ትንሽ ገርሞኝ ነበር። ቢሮ እስከ ማታ ይሠራል እንዴ? «ፈረንጅ ታታሪ ነው» ብዬ አለፍኩት። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሥራ ወጣሁ፣ ከቤት ገብቼ ሽሮ ሠራሁ። እነሱ ራታቸውን ሳይጨርሱ እንዳልደርስባቸው ብዬ ደግሞ ቀስ ብዬ በላሁ! ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ቢሮው ደጃፍ ደረስኩ። የፊት ለፊቱ መብራት ጠፍቷል። ውስጥ አንድ የጽዳት ሠራተኛ ወለሉን ይወለውላል። መስተዋቱን ባንኳኳ መወልወያውን ሳያስቀምጥ በአገጩ በሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ። የሚዘጉት በእነሱ 5፡30፣ በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ሰኞ ጠዋት በሩ ሲከፈት እዚያው ነበርኩ። ሴትዮዋ ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳ ሳትል «ከዲነር በኋላ ነይ ብዬሽ ነበር እኮ፣ የኔ ፍቅር፤ ስንጠብቅሽ ዋልን» አለችኝ። ይህችን «የኔ ፍቅር» ያዝልኝ፣ እመለስባታለሁ። «ዲነር እኮ ማታ ነው» ስላት አጠገቧ የተቀመጠው ጎረምሳ ሳቀና «እዚህ አገር ለመኖር መጀመሪያ እንግሊዝኛ መማር ነው» አለ። ለእኔ! 7.5 ላመጣሁት! ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ ማስያዣውም አይመለስም ተባልኩ። መልስ አጥቼ ወጣሁ። መልሱ የመጣልኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ለማን ልናገረው?

በኋላ ያወቅሁትን አንተ ከአሁኑ እወቀው። ማስያዣህን የሚያስቀሩ ከሆነ ምክንያቱን በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ሊሰጡህ ይገባል፤ ካልሰጡህ ገንዘቡን መመለስ አለባቸው። ለእኔ አንድ መስመር አልጻፉልኝም። ይህን የሰማሁት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፣ ሃፍረቱም ስለነበረብኝ ተውኩት። አንተ አትተው። ቀጠሮ በስልክ ሲሰጡህም «ሰዓቱን በቁጥር ጽፋችሁ ላኩልኝ» በል። ሰነፍ ብትመስልም በል።

2. ሰዓት። «ሃፍ ሰቨን» 7፡30 ነው፤ ልክ እንደ እኛው ሰባት ተኩል ስለሆነ ስድስቱን ሰዓት መቀነስና መደመር ካልረሳህ አትቸገርም። በጀርመን በኩል ዞሮ የመጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን እዚያ «ግማሽ ሰባት» ማለት 6፡30 ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ እየመጣ በር ላይ ሲንቀጠቀጥ ከረመ። አለቃችን ስለ ትጋቱ በስብሰባ አመሰገነችው። እኔ ተሳስቼ 124 ፓውንድ ከፈልኩ፣ እሱ ተሳስቶ ተጨበጨበለት።

«ዋይል» የሚለውን ቃል ደግሞ ተጠንቀቀው። መጽሐፉ ላይ «እያለ» ነው፤ ሼፊልድ ባለችበት በዮርክሻየር አውራጃ «እስከ» ይሆናል። «ናይን ዋይል ፋይቭ» ካሉህ ከጠዋቱ ሦስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትሠራለህ ማለት ነው። ራሳቸው የሚቀልዱበት ጨዋታ አላቸው፦ በባቡር ማቋረጫ ላይ «መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ቁም» የሚል ምልክት ቢሰቀል፣ የዮርክሻየሩ ሰው «ብልጭ ድርግም እስኪል ቁም» ብሎ አንብቦ ልክ መብራቱ ሲጀምር መኪናውን አስነሣ ይላሉ።

3. የሥራ ቦታህ። የምትንከባከባቸው ሰዎች ሰማንያና ዘጠና የደፈኑ ስለሆኑ ከወጣቶቹ ይልቅ የድሮውን አነጋገር የያዙት እነሱ ናቸው። አንዲት እናት «ሳንቲም ላወጣ እፈልጋለሁ» ሲሉኝ ቦርሳቸውን ፈልጌ ስሰጣቸው ጊዜ አለፈና አልጋው ረጠበ። ሽንት ቤት መሄዳቸው ነበር፤ በድሮ ጊዜ የሕዝብ መጸዳጃ በር የሚከፈተው በአንድ ፔኒ ስለነበር ነው። «ፑርሊ» ካሉህ ታምመዋል ማለት ነው፣ መዝገብ ላይ ጻፈው።

አንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ጡረተኛ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አንድ ምሽት «ስታርቭድ ነኝ» አሉኝ። እኔ የተማርኩት በረሃብ መሞትን ነው። ሮጬ ሳንድዊች ሠርቼ አመጣሁ። ሳንድዊቹን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «ስታርቭድ!» አሉ እንደገና። ተመልሼ አይብ ጨመርኩበት። በመጨረሻ እጄን ይዘው ጣቶቻቸውን አስነኩኝ፤ በረዶ ሆነዋል። ለካስ በእሳቸው አገር ቃሉ በብርድ መቆራመድ ነው! ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው፤ ሳንድዊቹንም አልመለሱትም። እያኘኩ ነገሩኝ፦ ቃሉ በጥንቱ እንግሊዝኛ እንዲሁ «መሞት» ነበር፣ ሌላው አገር ለረሃብ ሲያደርገው እነሱ ለብርድ አስቀሩት።

«የእኛ አነጋገር የመሃይም እንዳይመስልሽ» ብለው የጆሴፍ ራይትን ታሪክ ያወሩልኝም እሳቸው ናቸው። የዮርክሻየር ድሃ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ፋብሪካ ገብቶ ሲሠራ ኖሮ ማንበብ የተማረው በ15 ዓመቱ ነው። ያ ልጅ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ የእንግሊዝኛ ቀበልኛዎችንም መዝገበ ቃላት በስድስት ጥራዝ ከ1898 እስከ 1905 አሳተመ። ሽማግሌው ሲያወሩት የታላቅ ወንድማቸውን ነገር የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። እኔም በተራዬ የወሎን «አብሽር» አስተማርኳቸው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ስገባ ሰላምታቸው እሱ ሆነ፤ መጨረሻዋን «ር» ግን አንድም ቀን አላገኟትም።

4. «ላቭ»። ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። ሼፊልድ ውስጥ ሹፌሩ ወንዱን ተሳፋሪ ሳይቀር «ላቭ» ይለዋል፣ አትደንግጥ። ወደ ደርቢ ብትወርድ «ዳክ» ትባላለህ፣ ዳክዬ ማለት ነው። ኒውካስል «ፔት»፣ ግላስጎ ደግሞ ሴቱን «ሄን»፣ ዶሮ ይሏታል። እኔ ለሦስት ቀን «ገንዘቤን በልታ የኔ ፍቅር ትለኛለች!» እያልኩ ስቃጠል ነበር። የእኛስ ነጋዴ ሚዛኑን እያጎደለች «የኔ እናት» ትል የለም?

«ኦልራይት?» ሲሉህ ደግሞ ስለ ጤንነትህ አይደለም። እኔ የታመምኩ መስዬ ታይቻቸው ነው ብዬ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ መስተዋት አይቻለሁ። ሦስተኛዋን ሴት አቁሜ ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ጉልበቴ፣ አዲስ አበባ ስላለችው እናቴ በደንብ አስረዳኋት። አንተም «ኦልራይት» ብለህ እለፍ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «ኩዋይት ጉድ» ነው። የመጀመሪያ የሥራ ግምገማዬ ላይ አለቃዬ ይህን ጻፈችልኝ። ከአሜሪካ ፊልም የተማርኩት «በጣም ጥሩ» መሆኑን ስለነበር ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት፤ እናቴም ለማኅበርተኞቿ አሳየች። እንግሊዞቹ ጋ ብዙውን ጊዜ «ምንም አይልም» እንደማለት ነው። ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። የዘንድሮው ግምገማዬ ላይ ግን ያ ቃል የለም፤ አሁን አዲስ ገቢዎችን የማለማምደው እኔ ነኝ።

አምስተኛው ስለ ዳቦ ነበር። ድቡልቡሏ ዳቦ ሼፊልድ ብሬድኬክ፣ ማንችስተር ባርም፣ ኖቲንግሃም ኮብ ትባላለች። በጣትህ ጠቁም።

ካፖርትህን ከአገር ቤት ይዘህ ና፣ ወፍራሙን። ጥቅምት ላይ ለብሰህ ሲያዩህ «ኔሽ» ይሉሃል፤ ብርድ የማይችል ማለት ነው። ይበሉህ፣ አታውልቀው። ቤት ስታገኝ ደግሞ አከራዮቹ የላኩልህን መልእክት ከመፈረምህ በፊት አሳየኝ፤ ማታ ማታ ነጻ ነኝ፣ ከቲ በኋላ።