«አዳም የወደቀው ሚስቱን ሰምቶ ነው» ይለኛል

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎ ግን ጨንቆኝ ነው። የምኖረው አዳማ ነው። ትዳር ከያዝን ቆይተናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ የፊኒሺንግ ሥራ እየያዘ ይሠራል፤ ልስን፣ ሴራሚክ፣ ቀለም። የቀን ሠራተኞቹን ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። ማን ስንት ቀን ሠራ፣ ማን ቀድሞ ብር ወሰደ፣ ሁሉም ደብተሬ ላይ አለ።

በቅርቡ አንድ ሕንጻ ላይ ሰባት ልጆች አሠራ። ባለ ሕንጻው አዘግይቶም ቢሆን ከፈለው። ልጆቹ ግን እስከ ዛሬ አልተከፈላቸውም። በደብተሬ ሒሳብ 58,000 ብር ነው። ባለፈው እሑድ በራችን ድረስ መጡ። እኔ ቡና እያፈላሁ ሁሉንም እሰማ ነበር። «እናንተ ማን ናችሁና ነው? ከየት እንደመጣችሁ እንኳ የማላውቃችሁ ሰዎች!» ብሎ አባረራቸው። የአንዱ ልጅ ጫማ ላይ ሲሚንቶው ደርቆ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

አሁን ልጆቹ ሊከሱ ነው ይባላል። ባለቤቴ አዲስ ደብተር ገዝቶ መጣና «ቀኑን ቀንሰሽ እንደገና ጻፊው፤ የድሮውን አቃጥይው» አለኝ። «ይሄ ግፍ ነው፣ ክፈላቸው» ስለው፣ «አዳም የወደቀው ሚስቱን ሰምቶ ነው» ብሎ አፌን አስያዘኝ። አማቴም «ሚስት ለባሏ ትገዛ ይላል መጽሐፉ። የኢዮብን ሚስት አትሁኚበት» አሉኝ። እሳቸውን አከብራለሁ፤ መልስ አጣሁ።

እቁብ ደርሶኝ ብሩ እጄ ላይ ነው። ሳልነግረው ልጆቹን ልክፈላቸው? ወይስ ይሄ ባልን መክዳት ነው? ደብተሩንስ ምን ላድርግ? ከእግዚአብሔር ቃል መውጣት አልፈልግም። ቤቴንም ማፍረስ አልፈልግም።

የጨነቃት፣ ከአዳማ

*

ውድ እህቴ፣

ከደብተሩ ልጀምር። አትጻፊው። የድሮውንም አታቃጥዪው። እሱ ከማያገኘው ቦታ አስቀምጪው።

ምክንያቱን በአማትሽ መንገድ፣ በመጽሐፉ ልንገርሽ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ሐናንያና ሰጲራ የሚባሉ ባልና ሚስት አሉ። መሬት ሸጡ፤ ከዋጋው ከፊሉን ደብቀው «ያለን ይኸው ነው» ብለው አቀረቡ። ነገሩን ተመካክረውበታል። ሐናንያ መጀመሪያ ቀረበና እዚያው ወድቆ ሞተ። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ ሰጲራ ገባች። ባሏ መሞቱን አልሰማችም። ጴጥሮስ ያደረገውን እዪ። ባልሽ አስቀድሞ ዋሽቷልና አንቺም ጥፋተኛ ነሽ አላላትም። ለብቻዋ ጠየቃት፤ መሬቱን የሸጣችሁት ይህን በሚያህል ነውን? አላት። እውነቱን ለመናገር በሩ ክፍት ነበር። እሷ ግን አዎን አለች። «ባሌን ታዝዤ ነው» የሚል መከላከያ በዚያ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላገኘም። ሰዎች ልብ የማይሉት ደግሞ፣ ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባል የሚለው የጴጥሮስ ቃል የሚገኘው በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ነው።

አማትሽ የጠቀሱት የኤፌሶን መልእክትም እዚያው ላይ አያበቃም። ጥቂት ዝቅ ሲል ባልን ሚስቱን ክርስቶስ ራሱን አሳልፎ እስኪሰጥ ድረስ እንደወደደ እንዲወዳት ያዘዋል። እንዲህ የሚወድ ባል ሚስቱን የሐሰት ማስረጃ አያስጽፋትም።

አሁን ወደ አዳም። ባልሽ የጠቀሰው ቃል በዘፍጥረት 3 አለ፤ አልካድም። ግን ታሪኩን ከላይ ጀምረሽ አንብቢው። ከዛፉ አትብላ የሚለውን ትእዛዝ አዳም የተቀበለው ሔዋን ሳትፈጠር በፊት ነው። ሲጠየቅ «የሰጠኸኝ ሴት ሰጠችኝ» አለ። ሰበቡ አላዳነውም። የተፈረደበት ሚስቱ ስለተናገረች ብቻ አይደለም፤ የታዘዘውን እያወቀ ስለተወ ነው። አንቺ ደግሞ ባልሽን ወደ ትእዛዙ እየመለስሽው ነው። ዘዳግም 24 የድሃውን የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ ክፈል ይላል። በዚያው ቀን!

ደግሞም እግዚአብሔር ራሱ አንድን ባል ሚስትህን ስማ ያለበት ቦታ አለ። ዘፍጥረት 21፣ ቁጥር 12። ሣራ አጋርንና ልጇን አስወጣ ስትል አብርሃም ተጨነቀ፤ እግዚአብሔር ግን የምትልህን ስማ አለው። እውነቱን ለመናገር ይህ ታሪክ ለእኔ ሁልጊዜ ይከብደኛል። አጋር ከልጇ ጋር በምድረ በዳ ውኃ አልቆባት ስታለቅስ ያለውን ክፍል ሳነብ ልቤ ይሰበራል። እግዚአብሔር ግን እሷንም አልተዋትም፤ የልጁን ድምፅ ሰማ። ያም ሆነ ይህ፣ ያው አብርሃም ቀደም ሲል በምዕራፍ 16 ላይ የሣራን ቃል ሰምቶ አጋርን ወስዶ ቤቱ ታውኳል። ሁለት ጊዜ ሰማ፤ ውጤቱ ለየቅል ነው። ስለዚህ ባልሽ ሊጠይቅ የሚገባው የነገረችኝ ሚስቴ ናት ወይ ብሎ አይደለም። የነገረችኝ ምንድን ነው ብሎ ነው።

የኢዮብን ሚስት በተመለከተ አማትሽ ነገሩን ገልብጠውታል። ያቺ ሴት ባሏን ፍጹምነትህን ተው አለችው። አንቺ ባልሽን ያዘው እያልሽው ነው። ለእሷም ቢሆን ትንሽ እንዘንላት። የሞቱት አሥር ልጆች የእሷም ልጆች ናቸው። በመጽሐፉ መጨረሻ እግዚአብሔር የሚቆጣው ሦስቱን ወዳጆች ነው፤ እሷን አያነሣትም።

አንቺን የምትመስለው ሴት ሌላ ናት። ደብዳቤሽን ሳነብ «ከየት እንደመጣችሁ የማላውቃችሁ ሰዎች» የሚለው ጋ ስደርስ አቢግያ ትዝ አለችኝ። ባሏ ናባል የተናገረው ከባልሽ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ታሪኩ 1ኛ ሳሙኤል 25 ላይ ነው። ናባል ማዖን የሚኖር፣ ሥራው በቀርሜሎስ የነበረ ሀብታም ነው፤ 3,000 በጎችና 1,000 ፍየሎች ነበሩት። ዳዊትና ሰዎቹ በምድረ በዳ እረኞቹን ሌት ተቀን ጠበቁለት። የበግ ሸለታ ሲደርስ ዳዊት አሥር ጎልማሶች ልኮ ካለህ አካፍለን አለው። ናባል ዳዊት ማን ነው? ብሎ፣ እንጀራዬን ከወዴት እንደመጡ ለማላውቃቸው ሰዎች ልስጥ? ብሎ ሰደባቸው። ዳዊት 400 ሰው ሰይፍ አስታጥቆ ተነሣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢው። አንድ አገልጋይ ነገሩን ሊናገር ሮጠ። የሮጠው ግን ወደ ናባል አይደለም፤ እሱን የሚናገረው ሰው የለም አለ። የሄደው ወደ ሚስቱ ነው። እሷም አልዘገየችም። 200 እንጀራ፣ ሁለት አቁማዳ ወይን ጠጅ፣ የተሰናዱ አምስት በጎች፣ ጥብስ እሸት፣ ዘቢብና በለስ አህያ ላይ አስጭና ወረደች። ለባሏ አልነገረችውም። ዳዊት ፊት ወድቃ ለመነች። ባሌ ልክ ነው ብላ አልዋሸችም። ጥፋቱን ግን በራሷ ላይ ወሰደች፤ ዳዊትንም በገዛ እጅህ ደም አፍስሰህ በኋላ አትጸጸት ብላ መከረችው። ዳዊት ምክሯን ባረከ። ቤተሰቡ በሙሉ ሌሊቱን ተረፈ።

ሳትነግሪ ስለ መክፈል ለጠየቅሽኝ መልሱ የሚቀጥለው ክፍል ላይ ነው። ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ ያቆማል። አቢግያ ስትመለስ ናባል የንጉሥ የሚመስል ግብዣ አድርጎ ሰክሯል። ያን ሌሊት ምንም አልነገረችው። ሲነጋ፣ ስካሩ ሲለቀው፣ ሁሉንም ነገረችው። ቀድማ ያልነገረችው ሰይፉ ጊዜ ስለማይሰጥ ነው። ደብቃ ግን አልኖረችም። (የናባልን መጨረሻ፣ ሞትን፣ ለባልሽ አልመኝም፤ ባልሽ ናባል ነው ማለቴም አይደለም። አንድ መጥፎ ቀን ሰውን ሙሉ በሙሉ አይገልጸውም።)

ወደ አንቺ ቤት እየመጣ ያለ ሰይፍ የለም። ጊዜ አለሽ። ስለዚህ አስቀድመሽ ንገሪው እላለሁ። ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም፤ እንዲያውቀው ነው። እቁቡ ያንቺ ላብ ነው። ተደብቀሽ ብትከፍዪ ግን ነገ ከልጆቹ አንዱ በመንገድ አግኝቶት ሲያመሰግነው ይሰማል። ያኔ ጭቅጭቁ ስለ ልጆቹ ደመወዝ መሆኑ ይቀርና ስለ አንቺ መደበቅ ይሆናል።

አቢግያን ስትከተዪ ኤልዛቤልንም አትርሺያት። ባሏ ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን እርሻ ተከለከለና አልጋው ላይ ፊቱን አዙሮ ተኛ፤ እህል አልቀምስም አለ። ሚስቱ አጽናናችው። በእሱ ስም ደብዳቤ ጻፈች፣ በማኅተሙ አተመች፣ የሐሰት ምስክር አቆመች። ናቡቴ ተወግሮ ሞተ። ነቢዩ ኤልያስ ግን ገድለህ ወረስህን? ያለው አክዓብን ነው፤ በእሷም ላይ ፍርድ ተነገረ። ባልሽ የሚጠይቅሽ ያንን ደብዳቤ የመሰለ ጽሑፍ ነው። ብትጽፊውም እሱን አያድነውም።

አንድ ነገር ደግሞ አስቢ። ምናልባት ባልሽ ፈርቶ ቢሆንስ? የተከፈለውን ብር ለሌላ ዕዳ አውጥቶት፣ ላንቺ መናገር አፍሮ ይሆናል። በመሳፍንት 13 የሶምሶን አባት ማኑሄ መልአክ አይቶ እግዚአብሔርን አይተናልና እንሞታለን ብሎ ሲርበደበድ፣ ሚስቱ አልሳቀችበትም። ሊገድለን ቢወድ መሥዋዕታችንን ባልተቀበለ፣ ይህንም ባልነገረን ነበር አለችው። አረጋጋችው። አንቺም ከስድብ በፊት «ብሩ የት ገባ? ንገረኝ፣ አብረን እንወጣዋለን» በይው።

ባይሰማሽስ? የጲላጦስ ሚስት በዚያ ጻድቅ ላይ ምንም አታድርግ ብላ ባሏ በፍርድ ወንበር ተቀምጦ ሳለ ላከችበት። አልሰማትም። ማቴዎስ ግን ቃሏን ጽፎ አቆየልን። የቤተ ክርስቲያናችን ስንክሳር ደግሞ ሰኔ 25 ቀን እሷን፣ አብሮቅላን፣ ከባሏ ጋር ያስባታል። ያንቺ ድርሻ መናገር ነው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ማታ ደክሞት ሲገባ አትጀምሪው። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ከበላችሁ በኋላ፣ ልጆቻችሁ በሌሉበት ይሁን። እጁን የማንሣት ልማድ ካለው ብቻሽን አታነጋግሪው፤ የነፍስ አባታችሁ ወይም የሚያከብራቸው ሁለት ሽማግሌዎች ይኑሩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ልጆቹ የሠሩበትን መጠየቅ መብታቸው እንደሆነ፣ የተቀየረ ደብተር ማቅረብ ግን ራሱን ወደ ወንጀል እንደሚወስደው ንገሪው። በእልህ ሳይሆን እሱን ለማዳን እንደሆነ ይወቀው። አማትሽንም በአክብሮት እንዲህ በያቸው፦ «እማማ፣ ልጅዎ እንዳይከሰስ ነው የምለፋው።»

ስትከፍዪ፣ ቢቻል ብሩን እሱ በገዛ እጁ ይስጣቸው። የተናገራቸውም እሱ ነው። እምቢ ካለ አንቺ ስጪያቸው። ቀድመው የወሰዱትን ቀንሺ፤ የእያንዳንዱን ቀን ከፊቱ ቆጥረሽ አሳዪው። በዚያው በድሮው ደብተር ላይ ስሙን፣ ቀኑንና የብሩን መጠን ጻፊ፤ ይፈርሙ፣ መፈረም ያልቻለ በጣቱ ይርገጥ፤ አንድ የጎረቤት ምስክርም ይኑር። ጫማው ላይ ሲሚንቶ የደረቀበት ልጅ ካልመጣ፣ ድርሻውን በጓደኛው እጅ አትላኪ። አስጠሪውና ለራሱ ስጪው።