ሁለት ሰከንድ የቀረው ፍልሚያ

ጥያቄ፦ ለአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ታናሽ ወንድሜ የቦክስ ወዳጆች ነን፤ እሱ በሰፈራችን የወጣት ማዕከል ልምምድ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሰሞኑን ሜልድሪክ ቴይለርና ሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝ በ1990 ያደረጉትን ግጥሚያ አብረን አይተን እስካሁን መስማማት አልቻልንም። ወንድሜ፣ ሁለት ሰከንድ ብቻ ሲቀር ፍልሚያውን ያስቆመው ዳኛ የሰውን ልፋት ገደል ከተተ ይላል። እኔ ደግሞ ቴይለር ከዚያ ምሽት በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም ሲባል ሰምቻለሁ። ዳኛው ጥፋተኛ ነበር? ከመድረክ በእግሩ የወረደ ሰውስ በአንድ ግጥሚያ ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ዳኛው ሪቻርድ ስቲል ጥፋተኛ አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴን ለማስረዳት ግን ወደዚያ ምሽት መመለስ ያስፈልጋል። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ማርች 17 ቀን 1990 ላስ ቬጋስ ላይ የተገናኙት ሁለቱም ሽንፈት የማያውቁ ሻምፒዮኖች ነበሩ። የፊላደልፊያው ቴይለር ገና በ17 ዓመቱ በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀ፣ በእጁ ፍጥነት ተመልካችን የሚያስደንቅ ወጣት ነበር፤ በዚያም ምሽት በቡጢ ብዛት ሲመራ አመሸ። የሜክሲኮው ቻቬዝ የሚያሳርፈው ቡጢ በቁጥር ያነሰ ቢሆንም ከባድ ነበር። ፊልሙን እንደገና ሲያዩት ነጥቡን ትተው የቴይለርን ፊት ብቻ ይከታተሉ፤ ዓይኖቹ ዙር በዙር እያበጡ ሲሄዱ፣ አፉ ሲደማና ደሙን እየዋጠ ሲታገል ያያሉ። በኋላ ሐኪሞች የፊቱ አጥንት መሰበሩን፣ ብዙ ደም መዋጡንና ኩላሊቱም መጎዳቱን አይተዋል።

ወደ መጨረሻው ዙር ሲገባ በሁለት የነጥብ ዳኞች ወረቀት ላይ በሰፊው ይመራ ስለነበር፣ ዙሩን ቆሞ ቢጨርስ ድሉ የእሱ ነበር። አሰልጣኞቹ ግን ዙሩን ማሸነፍ አለብህ ብለው ላኩት። ሊያልቅ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩት የቻቬዝ ቀኝ እጅ ጣለው። ገመዱን ይዞ ተነሣ፤ ስቲል ስምንት ከቆጠረ በኋላ ደኅና ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው፣ ደግሞም ጠየቀው። ቴይለር መልስ አልሰጠም፤ ፊቱን ወደ አሰልጣኙ አዞረ። ስቲልም ፍልሚያውን አስቆመ፤ ድሉም የቻቬዝ ሆነ። የዳኛ ሥራ ሰዓት መቁጠር ሳይሆን ሰውየውን ማየት ነው፤ ለጥያቄው ቃል መመለስ ያቃተው ሰው ደግሞ ሁለት ሰከንድም ቢሆን ተጨማሪ ቡጢ ሊቀበል አይገባውም። ይቆጨኛል የምለው ፍልሚያው ቀደም ብሎ አለመቆሙ ነው፤ ያንንም ማድረግ የሚችለው የፊቱን እብጠት ከሁሉም በላይ በቅርብ የሚያየው የገዛ አሰልጣኙ ነበር።

የሰሙት ነገር እውነት ነው፤ ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ምሽት ላይ መጫን አይቻልም። ቴይለር በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ክብደት ሻምፒዮን ሆኗል፤ ነገር ግን ፍጥነቱ እየቀነሰ፣ ንግግሩ እየተኮላተፈ ሄደ፤ እሱም እስከ 2002 ድረስ መፋለሙን አላቆመም። ይህን ቀስ በቀስ የሚመጣ ጉዳት አሜሪካዊው ሐኪም ሃሪሰን ማርትላንድ በ1928 በሕክምና መጽሔት ጽፎበታል። አእምሯችን በራስ ቅላችን ውስጥ ፈሳሽ ላይ የተንሳፈፈ ነው፤ ቡጢ ጭንቅላትን በድንገት ሲያሽከረክረው አእምሮም ይናወጣል፣ የነርቭ ክሮቹም ይጎዳሉ። በዝረራ ወድቆ የማያውቅ ቦክሰኛም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ለምሳሌ መሐመድ አሊ በ38 ዓመቱ፣ በኦክቶበር 1980፣ ከላሪ ሆልምስ ጋር ገጥሞ አሰልጣኙ አንጀሎ ዳንዲ ከአሥረኛው ዙር በኋላ እስኪያስቆመው ድረስ ሲደበደብ ቆሞ ነበር።

ሌላው ጉዳት ፈጣን ነው፤ በራስ ቅልና በአእምሮ መካከል ያለ የደም ሥር ይበጠስና የሚፈሰው ደም አእምሮን ይጫነዋል። እዚህ ላይ የእያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ ከፍተኛ ነው። ማይክል ዋትሰን በሴፕቴምበር 1991 ለንደን ላይ ከክሪስ ዩባንክ ጋር ሲፋለም በአሥራ አንደኛው ዙር ዩባንክን ጣለው፤ ወዲያው ግን በዩባንክ ቡጢ እሱ ራሱ ወደቀ፤ ፍልሚያውም በአሥራ ሁለተኛው ዙር ቆመ። ከወደቀ በኋላ ሆስፒታል እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ፤ የተወሰደበትም ሆስፒታል የአእምሮ ቀዶ ሕክምና ስለማይሰጥ ወደ ሌላ አዛወሩት። ለ40 ቀናት ራሱን ሳያውቅ ቆየ፤ ስድስት ጊዜም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በኋላ የብሪታንያን የቦክስ ቦርድ ከስሶ ረታ፤ ፍርድ ቤቱ የነፍስ አድን ሕክምና በመድረኩ ዳር መዘጋጀት ነበረበት ብሎ ወሰነ። ዋትሰን በ2003 የለንደንን ማራቶን በስድስት ቀን በእግሩ ጨረሰ፤ በመጨረሻው ርቀት ዩባንክ ከጎኑ ሆኖ አብሮት ይራመድ ነበር።

ዝግጅቱ ብቻውን ግን አይበቃም። በፌብሩዋሪ 1995፣ እዚያው ለንደን፣ ጄራልድ ማክሌላን ከናይጅል ቤን ጋር ሲፋለም ሐኪሞቹ በአቅራቢያው ስለነበሩ ሕይወቱ ተረፈች። ዓይኑ ግን ጠፋ፤ መስማትም በእጅጉ ተሳነው፤ ከዚያ በኋላም በእኅቶቹ እጅ ሆኖ ኖረ። ፊልሙን ቢመለከቱ ከመውደቁ በፊት ዓይኖቹን ደጋግሞ ሲያርገበግብና የጥርስ መከላከያው ከአፉ ሲወጣ ያያሉ፤ በአሥረኛው ዙር ሁለት ጊዜ በጉልበቱ ተንበረከከ። ምልክቱ ሁሉም ሰው ፊት ነበር።

ስለዚህ ከወንድምዎ ጋር ስለ ቴይለር ከመከራከር ይልቅ አሰልጣኙን ሄደው ያነጋግሩልኝ፤ ልጁ በልምምድ ላይ ጭንቅላቱ ላይ ቡጢ ሲያርፍበት ማን ያስቆመዋል፣ ከዚያስ በኋላ ስንት ቀን ያርፋል ብለው ይጠይቁ። ወንድምዎም ከልምምድ ሲመለስ ራሱን ካመመው፣ ካስታወከ፣ ወይም ነገር ከረሳ እንዳይደብቅዎ ይንገሩት። ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ወይም ማስታወክና ያልተለመደ እንቅልፍ ከተከተለ፣ እስኪነጋ ሳይጠብቁ የጭንቅላት ምርመራ ወደሚሰጥ ሆስፒታል ይውሰዱት።