የሯጭ ሱሪ

አንድ ወንድማችን በማኅበራዊ ሚዲያ የጠየቀው ባጭሩ ይህ ነው። ቦሌ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ከጎኑ ማኪያቶ ይጠጣ የነበረውን ሰው ልብ ሳይለው ቆይቶ፣ አስተናጋጇ አብራው ፎቶ ስትነሳ ነው በቴሌቪዥን የሚያየው ሯጭ መሆኑን ያወቀው። «ኮሳሳ ነገር ነው፤ ታናሽ ወንድሜ እንኳን ይገዝፈዋል። ለመሆኑ በስፖርት የሚተዳደሩ ሰዎች ከእኛ የተለየ አካል አላቸው ወይስ ካሜራው ነው የሚያገዝፋቸው?» ይላል። ከሥር ከመለሱት ግማሹ «ተፈጥሮ ነው»፣ ግማሹ «ልምምድ ነው» ብለው ሲከራከሩ አይቻለሁ።

እኔ አሰልጣኝም ሐኪምም አይደለሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሃያ ሦስት ዓመት የወንድ ሙሉ ልብስ ሰፍቻለሁ። የደንበኞቼን ልክ የምጽፍባቸው ዘጠኝ ደብተሮች አሉኝ፣ አንዱንም አልጣልኩም። አንድ ሯጭ ለሠርጉ ካሰፋ በኋላ ጓደኞቹን እየጎተተ ስላመጣልኝ በደብተሮቼ ውስጥ ሯጭ በዝቷል፤ የእግር ኳስ ተጫዋቾችም አሉ። ስለዚህ በሜትር ልመልስ፦ አዎ፣ ይለያሉ፤ ልዩነቱ ያለው ግን ሰው ዓይኑን በሚጥልበት ቦታ አይደለም።

ይህን የተማርኩት ጨርቅ አበላሽቼ ነው። ያ የመጀመሪያው ሯጭ ከሚዜው ጋር ሲመጣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ፣ ጃኬቱ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለ የሚመስል ቀጫጫ ልጅ ነበር። ከገጠር መጥቶ ሥራ ያልቀናው መስሎኝ፣ ሳይጠይቀኝ ከዋጋው ላይ ቀነስኩለት። በሴንቲሜትር ደረት 88፣ ወገብ 71 ብዬ ጻፍኩ። ጭኑንና መቀመጫውን በሜትር መዞር እንኳን አላስፈለገኝም፤ ወገቡ 71 የሆነ ሰው ከዚያ በታች ምን ይኖረዋል ብዬ በልማድ ቆረጥኩት። ለሙከራ ሲመጣ ሱሪው መቀመጫው ላይ ደርሶ አልወጣ አለ። ኮቱም ትከሻው ላይ በልኩ ተቀምጦ ሳለ ከኋላ ያለው ስንጥቅ እንደ በር ተበርግዶ ቀረ። ጠመኔዬን ይዤ ዞርኩት፤ ደግሜ ዞርኩት።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«እሮጣለሁ።»

«ወዴት?» አልኩት። ሚዜው እስኪያነባ ሳቀ።

ለካ በዚያው ዓመት አውሮፓ ደርሶ የተመለሰ ልጅ ነው። የቀነስኩለትን ሒሳብ ከነጉርሻው ጨምሮ ከፍሎኝ ሄደ፤ ሱሪውን ግን ከሌላ ጨርቅ እንደ አዲስ ሰፋሁለት።

ከዚያ ወዲህ ሯጭ ሲመጣ ሜትሬን ከታች ነው የምጀምረው። ሙሉ ልብስ ለብሶ የቆመ ሯጭ ከፊት ሲያዩት ምሳ ያልበላ ሰው ይመስላል። ከቀበቶ በታች በስተኋላ ስትመጣ ግን ሌላ ሰው ነው። የሚገፋው ጡንቻ ያለው መቀመጫውና የላይኛው ጭኑ ላይ ነው። ከጉልበት በታች ደግሞ እንደገና ይቀጥናል። የብዙዎቹ ባት በደብተሬ 33 እና 34 ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል የቢሮ ደንበኛዬ 37 እና 38 ይሆንብኛል። መጀመሪያ እጄ የሳተ መስሎኝ ነበር። በኋላ አንድ አሰልጣኝ ደንበኛዬ ነገሩን በቀላሉ አስረዳኝ፦ አንድ ኪሎ ስኳር ወገብህ ላይ ታጥቀህ ብትሮጥ ብዙም አይታወቅህም፤ ያንኑ አንድ ኪሎ ግማሽ ግማሹን ቁርጭምጭሚትህ ላይ ብታስረው ግን ብዙ ሳትርቅ ትደክማለህ። እግር በእያንዳንዱ እርምጃ ተወርውሮ የሚመለስ ነገር ነው፤ ጫፉ በቀለለ ቁጥር የሚያባክነው ጉልበት ያንሳል። የሯጭ ቀጭን ባት የምግብ ማነስ ምልክት የሚመስላችሁ ካላችሁ ነገሩ ይህ ነው።

ሌላው ልክ ስወስድ የማየው ነገር ትንፋሽ ነው። ደረት የሚለካው ሰው ተንፍሶ ሲጨርስ ነው። ተራው ደንበኛ ሜትሩ ሲነካው ሆዱን ሳብ፣ ደረቱን ነፋ ያደርጋል፤ «ልቀቀው» ብዬ እለምናለሁ። ሯጭ ጋ ያለው ችግር ሌላ ነው፤ ሜትሩን ይዤ ቀጣዩን ትንፋሽ እጠብቃለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ አይመጣም። አንዱን «ደህና ነህ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። ልቡም እንደ ትንፋሹ ቀስ ያለ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ ጤነኛ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል፤ በረጅም ርቀት የሠለጠነ ሰው ልብ ግን እስከ 40 ሊወርድ ይችላል። የልቡ ክፍል ስለሚሰፋና አንዴ ሲመታ ብዙ ደም ስለሚረጭ መቻኮል አያስፈልገውም። ትልቁ ልዩነታቸው ይህ ይመስለኛል፤ ይህን ደግሞ ካፌ ተቀምጦ በዓይን የሚያይ የለም።

የእግር ኳስ ተጫዋቾች ጭራሽ ሌላ ወገን ናቸው። የተሰፋ ሱሪ ከሱቅ ገዝተው መልበስ አይሆንላቸውም፤ ለጭናቸው የሚሆነው ወገባቸው ላይ ከረጢት ይሆናል፣ ለወገባቸው የሚሆነው ጭናቸው ላይ ይቀደዳል። ወገቡ 78፣ ጭኑ 61 የሆነ አጥቂ አለኝ። ወንበር ላይ ሲቀመጥ ስፌቱ እንዳይተረተር ጭኑ ላይ ክሩን ደርቤ ነው የምሰፋለት። እሱም ቢሆን ቆሞ ሲታይ ከሰፈር ጎረምሳ አይለይም።

ታዲያ መንገድ ላይ ስታዩት «ይኸ ስፖርተኛ ነው» የምትሉት ማን ነው? ክብደት የሚያነሳው ልጅ ነው። ሱቅ ተሰፍቶ የሚመጣ ሙሉ ልብስ በደረትና በወገብ መካከል አብዛኛውን ጊዜ 15 ሴንቲሜትር ልዩነት አለው። አንድ ደንበኛዬ ደረቱ 114፣ ወገቡ 84 ነው፤ 30 ሴንቲሜትር። እጅጌውን «ጠበብ አድርግልኝ፣ ክንዴ ይታይ» ይለኛል። ሥራው የሒሳብ ባለሙያ ነው፤ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። አልንቀውም፣ ገንዘቡን በጊዜ ይከፍላል። ነገር ግን ሯጩና እሱ ጎን ለጎን ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ ወረፋ የያዘው ሌላ ደንበኛ በጆሮዬ ተጠግቶ «ስፖርተኛው ይኸ ነው አይደል?» ብሎ ያሳየኝ የሒሳብ ባለሙያውን ነው።

ካሜራው ያገዝፋል ወይ ለተባለው፣ ችግሩ የሚመስለኝ ካሜራው የሚያሳየን እርስ በርሳቸው ተሰልፈው መሆኑ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴም ቀነኒሳ በቀለም ቁመታቸው 1 ሜትር ከ65 አካባቢ ነው። ከነሱ ጋር የሚሮጡትም አብዛኞቹ ቀጫጭን ስለሆኑ ቴሌቪዥን ላይ ማንም ትንሽ አይመስልም። ዩሴን ቦልት ደግሞ 1 ሜትር ከ95 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲጨርስ የተራመደው 41 እርምጃ ያህል ብቻ ነው። ሁለቱም ሯጭ ይባላሉ፤ ቀነኒሳና ቦልት ግን አንድ ሱቅ ገብተው አንድ ልብስ አይካፈሉም። ለረጅም ርቀት ትንሽ አካል ይጠቅማል፤ ሙቀቱን ቶሎ ያስወጣል፣ የሚሸከመውም ክብደት ያንሳል። ቀነኒሳ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሲሮጥ አንዱን የ400 ሜትር ዙር በአማካይ በ63 ሰከንድ ነው የጨረሰው፣ ሃያ አምስት ጊዜ ተከታትሎ። ማመን ያቃተው ሜዳ ሄዶ አንዱን ዙር ብቻ በ63 ሰከንድ ይሞክር። እኔ ሞክሬያለሁ፤ ውጤቱን አልናገርም።

ለልብስ ሰፊ ከሁሉም የሚጥመው ወሬ የማይክል ፌልፕስና የሂሻም ኤል ገሩዥ ነው። ዋናተኛው ፌልፕስ 1 ሜትር ከ93 ነው፤ የ1500 ሜትር ሯጩ ሞሮኳዊ 1 ሜትር ከ76። 17 ሴንቲሜትር ይለያያሉ፣ የእግራቸው ርዝመት ግን አንድ ነው ይባላል፤ አንዱ የሌላውን ሱሪ ቢለብስ እርዝመቱ ልክ ይመጣል። ዋናተኛው ከወገቡ እስከ ትከሻው የረዘመ እንደ ጀልባ ነው፣ እጆቹን ዘርግቶ ሲለካም ከቁመቱ 8 ሴንቲሜትር ያህል ይበልጣል። ሯጩ ከወገቡ በታች እግር ብቻ ነው። መጀመሪያ ስሰማው አላመንኩም ነበር። ደብተሬን አውጥቼ ሳገላብጥ ግን ቁመታቸው እኩል ሆኖ የሱሪያቸው እርዝመት በ5 እና በ6 ሴንቲሜትር የሚለያይ ደንበኞች አገኘሁ፤ ረጅም ሱሪ ከሚወስዱት ውስጥ ሯጮቹ ይበዙ ነበር። በዓይን ይህን ለይቶ የሚያውቅ የለም፤ እኔም በየቀኑ እየለካሁ አላየሁትም ነበር።

ሥራ ደግሞ የማንንም አካል ይቀርጻል፤ የስፖርተኛ ብቻ አይደለም። የቴኒስ አሰልጣኝ የሆነ ደንበኛ አለኝ፤ የቀኝ ክንዱ ከግራው 3 ሴንቲሜትር ይበልጣል፣ እጅጌዎቹን ለየብቻ ነው የምቆርጠው። የሚመታበት ክንድ አጥንቱ ራሱ እንደሚወፍር ነግሮኛል። በልጅነቱ ሸክም የተሸከመ ሰው አንዱ ትከሻው ዝቅ ይላል። የኃይሌን ሩጫ ያያችሁ ሰዎች ግራ እጁ ወደ ደረቱ እጥፍ ብሎ እንደሚሮጥ ታስታውሳላችሁ፤ አሰላ አካባቢ ልጅ ሳለ ደብተሩን በዚያ እጁ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ትምህርት ቤት ይሮጥ ስለነበር ነው ብሎ ራሱ ተናግሯል። የኔስ? አንገቴ ወደ ስፌት መኪናው ያዘነበለ፣ ቀኝ ትከሻዬ የወረደ ሰው ነኝ። የራሴን ኮት ስሰፋ ከውስጥ አንዱ ወገን ላይ ድርብ ጥጥ እጨምራለሁ፤ ይህን ካሁን በፊት ለማንም አልተናገርኩም።

ሯጭን ልብስ ሳያወልቅ ለማወቅ የምትፈልጉ ካላችሁ ፊቱንና እግሩን እዩ። ሱሉልታና እንጦጦ ከፍታው ላይ ፀሐዩ ይጠነክራል፤ በየማለዳው እዚያ የሚውል ልጅ ፊቱ ከዕድሜው ይቀድማል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሠላሳ ትሰጡታላችሁ። የሱሪ እርዝመት ልለካ ጫማ ሲያወልቁ ደግሞ የጣት ጥፍራቸውን አያለሁ፤ የጠቆረ፣ አንዳንዱም ጭራሽ የወደቀ ነው። አንዱ ካልሲውን ማውለቅ አፍሮ «ከነጫማዬ ለካኝ» ብሎኛል።

ስለ ሴቶቹ እኔ ሳልሆን ባለቤቴ ናት የምታውቀው፤ የሀበሻ ቀሚስ የምትሰፋው እሷ ናት። «ጨርቅ ያተርፉልኛል» ትላለች። አንዷ ልጅ ግን በሁለት ወር ውስጥ ከልኳ እጅግ ስትወርድባት ቀሚሱን ከማጥበቧ በፊት ቁጭ አድርጋ ምሳ አበላቻት። መክሳት ሁሉ ብቃት አይደለም፤ ሳይበሉ የሚሮጡ ልጆች አጥንታቸው እስኪሰነጠቅ ይደርሳሉ፣ የሴቶቹም የወር አበባ ይቋረጣል። ስለዚህ ቀጫጫ ያያችሁትን ሁሉ ሯጭ፣ ሯጩንም ሁሉ ጤነኛ አትበሉ።

ተፈጥሮ ነው ልምምድ ነው ለሚለው ክርክር አንድ የማውቀው ነገር አለ። ያ የመጀመሪያው ሯጭ፣ «ወዴት?» ያልኩት፣ ባለፈው ዓመት መጣ። ሩጫ ካቆመ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን የራሱ ንግድ አለው። የሠርጉን ሙሉ ልብስ በፌስታል ይዞ «ለእህቴ ልጅ ሠርግ ልለብሰው ነው፣ አስፋልኝ» አለኝ። ገበሩን ፈትቼ አየሁት። ስሰፋው የተውኩት ትርፍ ጨርቅ ወገቡ ላይ 4 ሴንቲሜትር ነው። ሜትሬን አዞርኩበት፦ ወገብ 89። ከ71 ተነስቶ! ደረቱም ወደ 97 ገብቷል። ከኋላ በሩን የከፈተው ያ መቀመጫ ለስልሶ ከወገቡ ጋር አንድ ሆኗል። ልክ ሲወሰድ ሆዱን ሳብ፣ ደረቱን ነፋ አደረገ፤ «ልቀቀው» አልኩት።

ረዳቴ ልጅ ከመኪናው ቀና ብሎ አየውና፣ ሰውየው ሲወጣ ጠብቆ «እውነት ሯጭ ነበሩ?» አለኝ። አራተኛውን ደብተር አውጥቼ ከድሮው ልክ አጠገብ አዲሱን መጻፍ ጀመርኩ። ወገብ፣ ደረት፣ መቀመጫ፣ ጭን፣ ሁሉም ተለውጧል። ባት 34፣ አንድ ብቻ ጨምሯል። የሱሪ እርዝመትና ትከሻ ላይ ስደርስ የምጽፈው አጣሁ፤ «እንደ ቀድሞው» ብዬ አለፍኩ።